የግራውንድ ሽቦው አይቆረጥም፦ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ተረትና እውነታ

ተረት፦ «አምፑ እምምም ካለ ግራውንዱን ቁረጠው።»

ይህ ምክር ከመድረክ ጀርባ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አንዱ ስፒናውን ፈትቶ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ሽቦ በፒንሳ ይቆርጣል። ሌላው በስፒናው ግራና ቀኝ ያሉትን ብረቶች በፕላስተር ይሸፍናል። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት እግር ስፒና ያለው ደግሞ ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ፈልጎ ይሰካበታል። ጩኸቱም እውነትም ይጠፋል። ምክሩ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ስለሚሠራ ነው፤ የጠፋው ጩኸት ይሰማል፣ የጠፋው መከላከያ ግን አይታይም።

ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ነዝሮት ወደኋላ የተስፈነጠረ ዘማሪ አይቻለሁ። ከመድረክ ሲወርድ የተነገረው «ትንሽ ይነዝራል፣ ትለምደዋለህ» የሚል ነበር። ሌላ ብዙ ስህተት በትዕግሥት ላስረዳ እችላለሁ፤ ይህን ለወጣት ልጅ የሚናገር ትልቅ ሰው ግን ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል።

ምክሩ ከባዶ እንዳልተነሳ መቀበል አለብን። ጊታሪስቱ አምፑን መድረኩ አጠገብ ካለው ሶኬት ይሰካል፤ ሚክሰሩ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ከሌላ ሶኬት ኃይል ያገኛል። ሁለቱም በየራሳቸው የግራውንድ ሽቦ ከመሬት ጋር ተያይዘዋል። ከአምፑ ወደ ሚክሰሩ የድምፅ ኬብል ሲዘረጋ፣ የኬብሉን ውስጥ ሽቦ የሚሸፍነው ሺልድ ሁለቱን ዕቃዎች ለሁለተኛ ጊዜ ያገናኛቸዋል። አሁን አዳራሹን የሚዞር አንድ ትልቅ ቀለበት ተፈጠረ። በሁለቱ ሶኬቶች ግራውንድ መካከል ያለች ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት በቀለበቱ ውስጥ ኮረንቲ ትነዳለች፤ ያም በሺልዱ ሲያልፍ ከሙዚቃው ጋር ተደባልቆ ይሰማል። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በ50ና በብዜቶቹ፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ነው የሚመጣው። ቀለበቱን የትም ቦታ ብትቆርጡት ኮረንቲው ይቆማል። ስለዚህ ቀለበቱ መቆረጡ ትክክል ነው፤ በስፒናው በኩል ሲቆረጥ ግን ሰው ይገድላል።

የግራውንድ ሽቦ እዚያ የተቀመጠው ለሕይወት ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ላልቶ ወይም ትራንስፎርመሩ ተበላሽቶ 220 ቮልቱ የአምፑን ብረት ቢነካ፣ ግራውንዱ ካለ ብዙ ኮረንቲ በሽቦው ወደ መሬት ይሮጥና ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል። ግራውንዱ ከሌለ ምንም ነገር አይታይም። አምፑ እንደወትሮው ይሠራል፣ ድምፁም ያምራል፤ 220 ቮልቱ ግን ብረቱ ላይ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። መንገዱም የተዘጋጀ ነው። ከአምፑ ብረት በጊታሩ ኬብል ሺልድ ወደ ጊታሩ፣ ከጊታሩ ብሪጅ ወደ ክሮቹ ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሆን ተብሎ ከግራውንድ ጋር የሚያያዙ ናቸውና። ጊታሪስቱ ክሮቹን እንደያዘ ከንፈሩን ግራውንድ ወዳለው ማይክ ሲያስጠጋ ኮረንቲው ከእጁ ተነስቶ በደረቱ በኩል ወደ ከንፈሩ ያልፋል። በላብ የራሰ ሰው ተቃውሞ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ 220 ቮልት ለዚያ ሲካፈል 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠሙት፣ የኮረንቲ ፍሳሽ ሲያዩ የሚቆርጡት ብሬከሮች 30 ሚሊአምፔር ላይ እንዲወርዱ ነው የሚሠሩት። ከዚያ በላይ ያለው ለልብ አያስተማምንም።

በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች ስማቸው የታወቀ ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንዚ ከተማ፣ መድረክ ላይ ግራውንዱ በትክክል ያልተያያዘ ማይክ ነክቶ ሞተ። የያርድበርድስ ባንድ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 በገዛ ቤቱ ግራውንዱ ያልተስተካከለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ሞተ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የኪስ ባንድ ጊታሪስት ኤስ ፍሬሊ ፍሎሪዳ ውስጥ መድረክ ላይ የብረት መደገፊያ ይዞ ኮረንቲ መታው፤ እሱ ተርፏል። የብሪታንያ መስመር ያኔ 240 ቮልት ነበር። የእኛ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

«ትንሽ ይነዝራል» ስለሚባለው ደግሞ፦ ያ መንዘር ብዙ ጊዜ ከፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካሉ የማጣሪያ ካፓሲተሮች የሚወጣ ጥቂት ፍሳሽ ነው። እሱ ብቻውን ላይገድል ይችላል፤ ይህን ያህሉን ለባለ ምክሮቹ እሰጣለሁ። ነገር ግን ግራውንድ ያለው ዕቃ አይነዝርም። መንዘሩ ግራውንዱ አለመኖሩን ይነግራችኋል፤ ነገ ሽቦ ሲላላ የሚያድናችሁ ነገር እንደሌለም እንዲሁ።

ታዲያ ጩኸቱ በምን ይጥፋ? ከሁሉ አስቀድሞ አምፑን፣ ፔዳሎቹንና ከተቻለም ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት በሚወጣ ግራውንድ ባለው ማከፋፈያ ስኩ። የግራውንዱ መነሻ አንድ ከሆነ ቀለበቱ ትንሽ ይሆናል፣ ጩኸቱም አብሮ ይቀንሳል። «አይችለውም፣ ይቃጠላል» የሚል ስጋት ይነሳል፤ 16 አምፔር የሚችል ጤነኛ ሶኬት ግን በ220 ቮልት ወደ 3500 ዋት ይሸከማል፣ የጊታርና የቤዝ አምፖች አንድ ላይ ሆነው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ናቸው። የመድረክ መብራት በተለይም ዲመር ያለው ግን ከሌላ መስመር ይውሰድ፤ ዝዝዝ የሚለው ሹል ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ነው።

ያ ካልበቃ ዲአይ ቦክስ ግዙ። ከአምፑ ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው የድምፅ መስመር መሐል ይገባል፤ ጎኑ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የተባለ ማብሪያ አለው። ትራንስፎርመር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ያ ማብሪያ የሚያቋርጠው የድምፅ ኬብሉን ሺልድ ነው፤ አምፑም ሚክሰሩም ከመሬት ጋር እንደተያያዙ ይቀራሉ። ቀለበቱ መቆረጥ ያለበት እዚህ ነው። ማብሪያውን አይተው «ፋብሪካውም ግራውንድ ያነሳል» እያሉ ስፒና ለመቁረጥ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ሽቦዎችን አንድ አድርገው ነው የሚያወሩት።

በአገራችን የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ የቆየ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ብረት ኖሮት ከኋላው ምንም ሽቦ የለውም። በዓይን አይለይም። አምፖል ባለው ካቻቢቴ መፈተሽም አይበቃም፤ ካቻቢቴው መስመሩ የቱ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ግራውንዱ መሬት መድረሱን አይናገርም። የምታመልኩበት ወይም የምትለማመዱበት አዳራሽ ካለ ኤሌክትሪሻን ግራውንዱን በመሣሪያ ይለካው፣ ግራውንድ ከሌለውም ይቅበርለት። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ 120 ቮልት አምፕ ያላችሁ ደግሞ ቮልት የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ተመልከቱት። መውጫው ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ማንም ሳይቆርጠው ግራውንዳችሁ እዚያ ቀርቷል፤ ባለ ሦስት ቀዳዳና እስከ ግድግዳው ድረስ ግራውንዱን የሚያሳልፍ ፈልጉ። በባትሪ የሚሠራ ዋየርለስ በጊታሩና በአምፑ መሐል ያለውን የሽቦ መንገድ ስለሚያቋርጥ ጊታሪስቱን ይረዳዋል፤ የማይኩን ግራውንድ ግን አይተካም።

የቀሩት ተረቶች ሰው አይገድሉም፤ ገንዘብና ጊዜ ይበላሉ።

«ክሮቹን ስነካ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጊታሩ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። ሰውነታችሁ በዙሪያው ካሉ ሽቦዎች ኤሌክትሪካዊ ጩኸት ይሰበስባል፤ ክሮቹን ስትነኩ እናንተም ከግራውንድ ጋር ትያያዛላችሁና የሰበሰባችሁት ወደዚያ ይወርዳል። ስትነኩት ጩኸቱ ከጨመረ ነው መፈተሽ ያለበት፤ ምናልባት የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ተበይደዋል። ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑ ወይም የጊታሩ የውስጥ ሽቦ ነው፤ ካልጠፋ ኬብሉን፣ ፔዳሎቹንና አምፑን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሂዱ።

«ሀምበከር ያለው ጊታር አይጮህም።» ግማሹ እውነት ነው። የጊታር አምራቹ የጊብሰን ሠራተኛ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባለት ይህ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠሙ ሁለት ጥቅልሎች አሉት፤ ከትራንስፎርመርና ከሞተር የሚመጣው መግነጢሳዊ እምምታ በሁለቱ ውስጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የግራውንድ ቀለበትን ወይም በደንብ ያልተበየደ ጃክን ግን ምንም አያደርገውም። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ የያዘ ሰው ቆሞ ቀስ እያለ ቢዞር እምምታው የሚደክምበትን አቅጣጫ ያገኛል፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ኖይዝ ጌት ጩኸቱን አያጠፋም፤ ሳትጫወቱ ስትቀሩ በሩን ይዘጋል፣ ስትጫወቱ ጩኸቱ አብሯችሁ ይገባል። በወርቅ የተለበጠ ጃክም የኬብሉ ሺልድ ስስ ከሆነ አይረዳም።

«ፊድባክ የርካሽ ዕቃ በሽታ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ክሩን ያርገበግባል፣ ክሩ በፒክአፑ በኩል ተመልሶ አምፑ ይገባል፤ በመንገድ ከጠፋው የሚበልጥ ከተመለሰ ድምፁ ራሱን ያሳድጋል። በውድ አምፕም ይሆናል። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1964 በ«አይ ፊል ፋይን» ዘፈን መግቢያ ላይ ሆን ብለው አስገብተውታል። መጥፎው ዓይነት እጃችሁን ክሮቹ ላይ ጭናችሁ እንኳ የማይቆመው ቀጭን ፉጨት ነው። እሱ ከፒክአፑ የሚመጣ ነው፤ የላላው የጥቅልሉ ሽቦ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ፒክአፑ በቀለጠ ፓራፊንና ሰም ውስጥ ሲጠልቅ ይታረማል፤ ሙቀት ሲበዛ ፕላስቲኩ ስለሚጣመም ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ፒዬዞ የተለጠፈበት ክራር ግን በጊታር ሕግ አይዳኝም። የናይለን ክር ኮረንቲ ስለማያስተላልፍ መንካቱ ጩኸቱን አይቀንሰውም፤ ባዶው ሣጥንም ከሞኒተሩ የሚመጣውን ድምፅ በሙሉ አካሉ ይቀበላል። ከፒዬዞው እስከ ፕሪአምፑ ያለውን ኬብል አሳጥሩት፣ ሞኒተሩን ከሣጥኑ ፊት አንሱት፣ ሚክሰሩ ላይ ክራሩ ከማይደርስበት በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የድምፅ ባለሙያውን መውቀስ የሚቻለው።