ኔት ባይኖርም የሚሠራ ላይብረሪ፦ ከስልካችሁ መጀመር ትችላላችሁ

ላይብረሪያን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቁልፍ ይዞ "ዝም በሉ!" የሚል ሰው ነው። ዋጃ፣ ቆቦ ወይም አላማጣ ሆናችሁ ነገ በትምህርት ቤት ላይብረሪ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ግን ሥራው ተቀይሯል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ብዙ ተማሪ የሚያነበው ቴሌግራም ላይ ባገኘው ፒዲኤፍ ነው። ትክክለኛውን ፋይል ማን ይለይለት? ኔት ሲጠፋስ ከየት ያምጣው?

ጥያቄው ለራያ ቆላ ከባድ ነው። በ2013 የጀመረው ጦርነት በዚህ መስመር ሲመላለስ የትምህርት ቤት ንብረት ወድሟል፣ ስልክና ኢንተርኔትም ተቋርጦ ከርሟል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ላይብረሪያን መጀመሪያ መማር ያለበት ኔት ባይኖርም የሚሠራ ዌብ ገጽ መሥራት ነው። ይቻላል ወይ? በደንብ!

📌 ዌብ ገጽ ማለት ፋይል ነው

ዌብሳይት የግድ ኢንተርኔት ላይ መኖር የለበትም። ገጹ ስልካችሁ ሜሞሪ ላይ ካለ ክሮም ያለ ዳታ ይከፍተዋል። ሦስት ነገር ተማሩ፦

1. ኤችቲኤምኤል፦ የቱ ርዕስ፣ የቱ ዝርዝር እንደሆነ ይናገራል።
2. ሲኤስኤስ፦ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ያሳምራል።
3. ጃቫስክሪፕት፦ የመፈለጊያ ሳጥኑን ያሠራል።

የ1,000 መጻሕፍት ርዕስ፣ ደራሲና የመደርደሪያ ቁጥር የያዘ ገጽ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። በዜንደር ከተላላካችሁት ተማሪው ቤቱ ሆኖ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ ያያል።

📌 የአማርኛው ወጥመድ

"ፍቅር እስከ መቃብር"ን የሚፈልግ ተማሪ "ሀዲስ አለማየሁ" ብሎ ይጽፋል። እናንተ የመዘገባችሁት "ሐዲስ ዓለማየሁ" ብላችሁ ነው። ለእኛ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን የተለያየ ፊደል ስለሆነ "የለም" ይላል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ልጁ ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው። መፍትሔው ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው፣ ዓንና ኣንም ወደ አ የሚቀይር አጭር ኮድ ነው። ሌላም አለ፦ የውጭ ሶፍትዌር የአባትን ስም ያስቀድማል። እኛ ግን ደራሲን የምንፈልገው በራሱ ስም ነው። ይህን አስቦ የሚያስተካክለው አገሩን የሚያውቅ ላይብረሪያን ነው።

📌 ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ነፃ መሣሪያዎች

• ኪዊክስ፦ ዊኪፒዲያን አንዴ ታወርዱና ያለ ኔት ታነባላችሁ። በሆትስፖት ለሌሎች ስልኮችም ማካፈል ይቻላል።
• ኮሊብሪ፦ አንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቶችን ጭናችሁ በዋይፋይ ለክፍሉ በሙሉ ታዳርሳላችሁ። ዳታ አይቆጥርም።
• ኮሃ፦ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ መጽሐፍ መዝግቦ ውሰትና ምላሽ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ነው። ለትልቅ ላይብረሪ ይሆናል።

ለመማር ደግሞ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ"5 ሚሊዮን ኮደርስ" ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል። ስትጨርሱ ሰርተፊኬት አለው።

📌 ሁለት ጥንቃቄ

የተበዳሪ ተማሪዎችን ስምና ስልክ ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ አታስቀምጡ። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ስካን አድርጎ መበተንም የሰው እንጀራ መንካት ነው። በነፃ እንዲሰራጭ የተፈቀደውን ለይቶ ማወቅ ራሱ የሙያው አካል ነው።

ባለው ነገር መጽሐፍን ወደ አንባቢ መውሰድ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ላይብረሪያን የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገሩ ተመልሶ በ1995 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ ወስዷል። እናንተ ጋ ያለው ስልክና ሆትስፖት ነው።

በዚህ ሳምንት 20 መጻሕፍት መዝግባችሁ አንድ ገጽ ሥሩ። ሰርቶ ካያችሁት 1,000ውም ያው ነው። ላይብረሪያን መሆን ለሚፈልግ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።