የመጀመሪያዋን ጎል ሴት ታግባ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኮሎምቢያዋ ሜደሊን ከተማ ያልተለመደ የኳስ ሕግ ወጣ። ወንድና ሴት በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ የመጀመሪያዋን ጎል ማግባት የምትችለው ግን ሴት ብቻ ናት። እሷ እስክታገባ ድረስ ወንዶቹ መረቡን ቢበጣጥሱትም አይቆጠርላቸውም። ዳኛ የሚባልም የለም።

ጊዜው ሜደሊን በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎችና በታጠቁ የሰፈር ጎረምሶች የምትታመስበት ነበር። የብሔራዊ ቡድኑ ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር በዓለም ዋንጫ በራሱ መረብ ላይ ጎል ባስቆጠረ በዐሥረኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1994፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በወቅቱ ሜደሊን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ዩርገን ግሪስቤክ ከኮሎምቢያውያን ባልደረቦቹ ጋር «ኳስ ለሰላም» የተባለውን እንቅስቃሴ የጀመረው ከዚህ ግድያ በኋላ ነው። ጎረምሶቹ ምክር አልሰማ ካሉ፣ እኅቶቻቸውንና የሰፈራቸውን ልጆች መሃላቸው አስገብቶ ማጫወት ጠባያቸውን ይገራው ይሆናል ብለው ነበር።

ግሪስቤክ በኋላ በርሊን ገብቶ በ2002 «ስትሪትፉትቦልወርልድ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ዛሬ «ኮመን ጎል» በሚል ስም ይታወቃል። የሜደሊኑ አጨዋወትም «ፉትቦል ሦስት» ተብሎ በብዙ አገሮች ተሠራጨ። ስሙን ያገኘው ከሦስት ምዕራፎቹ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኳስ አይነካም። ሁለቱ ቡድኖች ክብ ሠርተው ይቀመጡና የዕለቱን ሕግ ራሳቸው ያወጣሉ፦ ጎል ከመግባቱ በፊት ሁሉም ተጫዋች ኳስ ይንካ? ጎል ሲገባ ሁለቱም ቡድን አብሮ ይጨፍር? ሁለተኛው ምዕራፍ ጨዋታው ነው። በሦስተኛው ተመልሰው ይቀመጡና አንዱ ቡድን ለሌላው የጨዋነት ነጥብ ይሰጣል። ይህ ነጥብ በጨዋታው ከተገኘው ጋር ስለሚደመር፣ ሜዳ ላይ ያሸነፈ ቡድን ውይይቱ ላይ ሊሸነፍ ይችላል። ፊሽካ በያዘ ዳኛ ፈንታ አስታራቂ አለ፤ እሱም ቢሆን የሚገባው ተጫዋቾቹ መስማማት ሲያቅታቸው ብቻ ነው።

ከአገሯ ወጥታ ሰው አገር ለገባች ወጣት ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ክርክር ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ አዲስ ቋንቋ የምትማር ልጅ ለሳምንታት አንገቷን ደፍታ ልትቀመጥ ትችላለች። ያገባችው ጎል «አልተቆጠረም» ሲባል ግን ዝም የምትል ብርቅ ናት። ግሱ ቢጣመምባት፣ ቃሉ ቢጠፋባት፣ ኳሱ የት እንደነበር በእግሯ መሬት ላይ መስመር እያሰመረች ትከራከራለች። አንዷ ታርማታለች፣ ሌላዋ ታግዛታለች። እንዲህ የተማሩት ቃል ቶሎ አይረሳም።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት አይደለም። «የመጀመሪያዋን ጎል ሴት» የሚለው ሕግ ራሱ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ወንዶቹ ጎል አፍ ላይ አንዲት ልጅ አቁመው፣ ኳሷን አስነክተው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጨዋታው ማብቂያ ዞር ብለው ላያይዋት ይችላሉ። ቤተሰቦቿ ከወንድ ጋር እንድትጫወት የማይፈቅዱላት ልጅ ደግሞ ጭራሽ ሜዳው ድረስ አትመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቶቹን ለብቻቸው ማሰባሰብ የሚመርጡ አሉ፤ ትክክልም ይመስላል።

ከእነዚህ አንዷ ቱግባ ተካል ናት። ወላጆቿ ከቱርክ ወደ ጀርመን የሄዱ የየዚዲ እምነት ተከታይ ኩርዶች ናቸው። ኳስ የጀመረችው 16 ዓመት ሲሆናት፣ ወላጆቿ ሳይወዱ ነው፤ ኋላ ግን ለሀምቡርግና ለኮሎኝ ተጫውታለች። የዚዲዎች በ2014 በአይኤስ ታጣቂዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ ከእኅቶቿ ጋር በእርዳታ ሥራ ተሰማራች፤ በ2016 ደግሞ ኮሎኝ ላይ «ስኮሪንግ ገርልስ» የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረች። በስደት የመጡ ልጆች እዚያው ተወልደው ካደጉት ጋር በነፃ ይለማመዳሉ። ልጅቷን ወደ ሜዳ ለማምጣት መጀመሪያ አባትና እናትን ማሳመን እንደሚያስፈልግ ለተካል የሚነግራት አያሻም፤ ራሷ አልፋበታለች።

በርሊን ክሮይትስበርግ ውስጥም ከቱርክ የሄዱ ስደተኞች የመሠረቱት «አል ደርሲምስፖር» የተባለ የሰፈር ክለብ አለ። የሴቶች ቡድኑ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 ቴህራን ድረስ ሄዶ ከኢራን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር ተጫወተ። እንግዶቹም ጭምር ተሸፋፍነው ነበር፤ ስታዲየሙ የገቡት ተመልካቾች ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ውጤቱም 2 ለ 2። ይህን ሁሉ ያደራጁት ፌዴሬሽኖች አልነበሩም፤ ሐሳቡን ወጥነው ፈቃድ ሲለማመጡ የከረሙት ራሳቸው ተጫዋቾቹና ወዳጆቻቸው ናቸው።

ኳስ ስደተኛን እንደሚሰበስብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ስንቱን የተጠፋፋ ጓደኛ አገናኝቷል። ነገር ግን እዚያ የሚገናኘው የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ጋር ነው፤ ሜዳው ላይ የሚሮጡትም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ባዳን ከባዳ ማላመድ ሌላ ሥራ ነው።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተመራማሪዋ ሳልማ ሙሳ በ2020 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣችው ጥናት ያሳያል። በሰሜን ኢራቅ በአይኤስ የተፈናቀሉ ክርስቲያን ወንዶች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ሙስሊሞች ባሉባቸው ቡድኖች ተጫወቱ። እነዚህኞቹ ወራት ካለፉ በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ለመለማመድ ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። ከሜዳው ውጭ ግን፣ ለማያውቁት ሙስሊም የነበራቸው ስሜት እምብዛም አልተለወጠም። ጥናቱ ሴቶችን ባይመለከትም፣ ኳስ ወርውሮ ቀሪውን ለጊዜ መተው እንደማያዋጣ ይጠቁማል።

ልዩነት የሚፈጠረው ሥልጣኑ ለልጆቹ ሲሰጥ ይመስላል። ሙኒክ ውስጥ በ1990ዎቹ ለስደተኛ መጠለያ ልጆች የተጀመረው «ቡንትኪክትጉት» የተባለ የጎዳና ሊግ የራሱ የወጣቶች ምክር ቤት አለው፤ ሕጉ ላይ የሚመክሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። በብዙ የ«ፉትቦል ሦስት» ፕሮግራሞችም አስታራቂዎቹ የሚመለመሉት ከተጫዋቾቹ መካከል ነው። ትናንት ጎሏ ተሰረዘ ብላ ስትጮህ የነበረች ልጅ ዛሬ የሁለት ቡድን ጠብ ታበርዳለች፤ የሁለቱንም ወገን ሳታቋርጥ መስማት ግድ ይሆንባታል።

ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ራቀ። በ2020 «ሌ ኢጃቤዝ» በሚል ስም የተሰባሰቡ፣ ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች የሆኑ ሙስሊም ተጫዋቾች፣ የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሂጃብ መጫወትን መከልከሉን ተቃወሙ። ፊፋ እኮ በ2014 ፈቅዶ ነበር። ወጣቶቹ ጠበቃ ይዘው እስከ አገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሱ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደጃፍ ባለው በሉክሰምበርግ መናፈሻ ኳስ እየተጫወቱ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023 ለፌዴሬሽኑ ፈረደ። እገዳው የሚሠራው ፌዴሬሽኑ በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ላይ ነው፤ የሰፈር ሜዳ ላይ ማን ምን ለብሶ እንደሚጫወት የሚወስኑት አሁንም ተጫዋቾቹ ናቸው።