ትጥቃችንን ስንከራይ



እንደምታውቁት ለየካቲት 23 የአድዋን ድል ቲያትር እየተለማመድን ነው። ጎራዴዎቹን ከእንጨት ሠርተናል፤ ቀበቶና ማንገቻውን ግን እንከራያለን። «ለአንድ ቀን ቲያትር ደግሞ ቀበቶ መከራየት ምን ያደርጋል?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ወላጆች ስላላችሁ ዛሬ ይህንኑ ላስረዳ።

መጀመሪያ ከቋንቋችን እንነሣ። ልጆች፣ «ታጠቀ» ምን ማለት ነው? ወገቡን በቀበቶ ወይም በመቀነት አሰረ ማለት ነው። መሣሪያ ያዘ ማለትም ነው። «ትጥቁን ፈታ» ስንል መሣሪያውን አስረከበ ማለታችን ነው። አያችሁ፣ ቀበቶውም መሣሪያውም በአንድ ቃል ይጠራሉ! የአፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ስሙ «ታጠቅ» ነበር፤ «አባ ታጠቅ» የተባሉትም በዚሁ ነው።

በመድረክም ትጥቅ ሥራ አለው። ጎራዴውን በእጁ ይዞ የሚዞር ልጅ ጋሻ መያዝ አይችልም፣ ሳያስበውም ጓደኛውን ይወጋል። ጎራዴው ከወገብ ሲንጠለጠል ግን ሁለቱም እጆች ነጻ ናቸው።

አምና ምን ሆነ መሰላችሁ? የተከራየነው ቀበቶ የትልቅ ሰው ስለነበር አንዱን ልጅ ሰፋው። እኔም በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። መድረክ ላይ ቆዳው ከቀዳዳው ተቀደደ፤ ጎራዴው ወደቀ፤ ልጁም ተደናቅፎ ጉልበቱ ተላጠ። አከራዩም መያዣችንን አልመለሰም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ፦

1. ወገባችሁን የምትለኩት በቲያትሩ ልብስ ላይ ነው። በቲሸርት ከለካችሁ ይጠባል።

2. የኪራይ ቀበቶ አይበሳም፣ አይቆረጥም። ከሰፋ ከሥሩ ድግ እንጠመጥማለን። ድግ ረጅም የጥጥ መታጠቂያ ነው፤ ቀበቶው እንዳይንሸራተትም ይይዛል።

3. የእኛ አባቶች ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ በኩል ነበር። የዚህ አገር ቀበቶ ግን ብዙውን ጊዜ ማንጠልጠያው በግራ ነው። ስንከራይ ወደ ቀኝ የሚዞር እንጠይቅ።

4. በትዕይንቱ የማይመዘዝ ጎራዴ ከሰገባው ጋር በክር ይታሰራል።

5. በአውቶቡስም በመንገድም ጎራዴው በቦርሳ ተሸፍኖ ይያዝ። የእንጨት መሆኑን የሚያየው ሰው አያውቅም።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንበልና ለ12 ልጆች እያንዳንዱ ቀበቶ በ4 ዶላር ቢከራይ 48 ዶላር ይሆናል። መያዣው በቀበቶ 15 ዶላር ቢሆን 180 ነው። በጠቅላላ 228 እንከፍላለን፤ 180ው ግን ዕቃውን በሰዓቱና በደህና ከመለስን ይመለሳል። ስለዚህ ወላጆች፣ ስትረከቡ ዘለበቱንና ስፌቱን እዩ፤ ቀድሞ የተቀደደ ካለ እዚያው አስመዝግቡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የቤት ሥራ፦ ቀበቶ፣ ማንገቻ፣ ሰገባ፣ ዘለበት፣ ዝናር። በእነዚህ 5 ቃላት 5 ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የማታውቁትን አያቶቻችሁን በስልክ ጠይቁ።

በሉ፣ ወገባችሁን ታጥቃችሁ ተለማመዱ!