የገብስ አገዳና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በመንዝ በዘመሮ ዙሪያ ያለው ገበሬ ገብሱን አጭዶ በሚከምርበት ወራት፣ ከነዶው አንድ አገዳ መዝዞ በሁለት እጁ ጣቶች ቀስ እያለ ያጐበጠ ሰው፣ በባሕር ማዶ ገበያ አንድ ሺሕ የአሜሪካ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚጠየቅበት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተሠራበትን ምሥጢር ሳያውቀው ጨብጦታል ማለት ነው። አገዳው ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደቱ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን ዛላውን ተሸክሞ የደጋውን ነፋስ ተቋቁሞ ይከርማል፤ ሲያጐብጡት ይጐብጣል፣ ሲለቁት ይቃናል፤ አብዝተው ሲያጐብጡት ግን ከመሰበሩ አስቀድሞ በታጠፈበት ቦታ ላይ ክብነቱን አጥቶ ይደፈጠጣል፣ ከተደፈጠጠም በኋላ ኀይል አይኖረውም። የዘንግ ሠሪዎች ድካም ሁሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ጥበባቸው ሁሉ፣ ይህን የአገዳ ባሕርይ ለማግኘትና ይህን የአገዳ ድካም ለማራቅ የተደረገ ነው ብል አላጋነንሁም።

ለመንዝ ሰው የዓሣ ነገር ሩቅ መስሎ ይታየዋል። ደጋው ብርዳም፣ ሀብቱ በግና ገብስ፣ ልብሱ ባናና በርኖስ በመሆኑ፣ ዓሣ ማጥመድን ለሐይቅ ዳር ሰው የተተወ ሙያ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የመንዝን ደጋ እየሸነሸኑ የሚወርዱት ወንዞች፣ ሞፈር ውሃም ሆነ ወንጪት፣ ውሃቸውን በጀማ በኩል ለዓባይ የሚገብሩ ስለሆኑ፣ ከዘመሮ ተነሥቶ ገደል ለገደል ወደ ቈላው የወረደ መንገደኛ ቢልጫና አምባዛ የሚመላለሱበትን ጥልቅ ውሃ ማግኘቱ አይቀርም። በዚያም የቈላው ልጅ ሸምበቆ ቈርጦ፣ በጫፉ ክር አስሮ፣ መንጠቆውን በትል ሸፍኖ በዝምታ ተቀምጦ ይታያል። ይህ ልጅና በሺሕ ዶላር ዘንግ የገዛው ባለጸጋ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው።

ሙያውም ክቡር ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ መረብ ጣዮች እንደ ነበሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ግን ጌታ ጴጥሮስን ወደ ባሕር ልኮ እንዲጥል ያዘዘው መረብ ሳይሆን መንጠቆ ነበር፤ ግእዙ መቃጥን የሚለው ይኸው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም ስለ ግብፅ በተናገረው ትንቢት በወንዝ ላይ መንጠቆ የሚጥሉትን ያነሣል። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውሃው ላይ በመበተን ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ በአንድነት አስክሮ ከሚለቅም ሰው ይልቅ፣ አንዱን ዓሣ በአንድ መንጠቆ የሚጠብቅ ሰው ለወንዙ ወዳጅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ዘንግ ለመጻፍ ያነሣሣኝም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሻጮች ብላንክ የሚሉት፣ እጀታው፣ የክር መጠቅለያው መቀመጫና ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ገና ያልተገጠሙለትን ባዶውን ዘንግ ነው። የገዢ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቡሹ እጀታ ልስላሴ፣ በቀለሙ ማንጸባረቅ፣ በወርቅማው ጽሕፈት ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ልብስ እንጂ አካል አይደለም። እጀታ ቢያረጅ ይለወጣል፤ ቀለበት ቢወልቅ መልሶ ይታሰራል፤ ብላንኩ ከመነሻው ተሳስቶ ከተሠራ ግን የሚያቃናው ጌጥ የለም።

በጥንት ጊዜ ዘንግ ከእንጨት ይሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፔንሲልቫኒያ፣ ኢስተን በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ሳሙኤል ፊሊፕ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ቀርከሃን ሰንጥቆ ስንጣሪዎቹን በሙጫ በማጣበቅ ዘንግ ሠራ፤ በ1870ዎቹም፣ ዘመኑን የምጠራው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ ሂራም ሌናርድ የተባለ የሜይን ሰው ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጣሪዎችን አጋጥሞ የሚሠራውን ዘንግ ለገበያ አወጣ። ለዚህ ሥራ ከቀርከሃ ሁሉ ተመርጦ የተገኘው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ የሚበቅለውና ቶንኪን የሚባለው ነው፤ የዕፅዋት ሊቁ ማክሉር ሳይንሳዊ ስም ባወጣለት ጊዜ «ተወዳጅ» የሚል ትርጕም ያለውን የላቲን ቃል መረጠለት። በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስትዘጋ ይህ ቀርከሃ ከገበያ ጠፋ፤ ከዓለም ጦርነት በኋላ የተነሣው የመስተዋት ክር፣ ፋይበርግላስ የሚባለው፣ ቦታውን ወረሰ። የካርቦን ክር ደግሞ በ1960ዎቹ በጃፓንና በእንግሊዝ አገር፣ ለአውሮፕላን ሥራ ሲባል ተመርምሮ ከጐለመሰ በኋላ፣ በ1973 ፌንዊክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የካርቦኑን ዘንግ ለአጥማጆች አቀረበ። በአገራችን የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት፣ የቈላው ግን ድፍን እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ከሁለቱ አንዱን ሰንጥቆ የሚሞክር እጀ ብልሃተኛ እኔ እስከማውቀው በስም አለመጠራቱ ያስቈጫል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንመልከት። ከሰው ጠጕር ዐሥር እጅ ያህል የሚቀጥኑ የካርቦን ክሮች ጐን ለጐን ተደርድረው፣ ገና ባልደረቀ ሙጫ ተነክረው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ምንጣፍ ይሆናሉ፤ ሙጫው ያለ ጊዜው እንዳይደነድንም ምንጣፉ ሥራው እስኪደርስ በማቀዝቀዣ ተቈልፎ ይቀመጣል። ባለሙያው አውጥቶ በምላጭ ይቀድደዋል፤ የትኛው ወገን ሰፋ፣ የትኛው ጠበበ፣ አንዱ ቅዳጅ የት ጀምሮ የት ያልቃል የሚለው ጥያቄ በዚህች ሰዓት ስለሚወሰን፣ የዘንጉ ጠባይ የሚፀነሰው በቅዱ ላይ ነው። የተቀደደው ምንጣፍ ሾጣጣ በሆነና በተወለወለ ብረት ላይ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ቀጭን ጥብጣብ በኀይል ይጠመጠምበትና 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል ምድጃ ይገባል። ሙጫው ደንድኖ ብረቱ ከውስጥ ተመዞ ሲወጣ፣ የሚቀረው ክፍት ቧንቧ ብላንኩ ነው። ጥብጣቡ ሲላጥ እንደ ቀጭን ቀለበት የተደረደረ የጥምጥም ምልክት ይቀራል፤ አንዳንዱ ሠሪ ሞርዶ ያለሰልሰዋል፣ አንዳንዱም እንዳለ ይተወዋል፤ ይህን ምልክት ያየ ገዢ ነውር መስሎት ሊደነግጥ አይገባውም።

የቧንቧ ሕግ ረቂቅ ቢሆንም ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ ስፋቱ በእጥፍ ቢያድግ፣ ክብደቱ እጥፍ ብቻ ሲሆን ግትርነቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሠሪ ሁሉ ሰፊና ስስ ቧንቧ ለማውጣት ይፈተናል፤ ነገር ግን ግድግዳው በሳሳ መጠን የገብሱ አገዳ ዕጣ ይደርስበታል፤ ሲጐብጥ ይደፈጠጣል። ፈጣሪ ለገብሱና ለቀርከሃው አንጓ እየሰጠ ክብነታቸውን ጠብቆላቸዋል፤ ብላንክ ግን አንጓ የለውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያደረጉትን የመንዝ ሸማኔ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። በባና ላይ ድር ብቻውን ልብስ እንደማይሆን፣ ማግ ገብቶ ሊያቅፈው እንደሚገባ ሁሉ፣ በብላንክም ውስጥ በቁመት የተዘረጉት ክሮች ድሩ ሲሆኑ፣ በአግድም ወይም በሰያፍ ዙሪያውን የሚያቅፉት ክሮች ማጉ ናቸው። ድሩ መጐበጥን ይቋቋማል፤ ማጉ ክብነትን ይጠብቃል። ዳይዋና ሺማኖ የሚባሉት የጃፓን ቤቶች በተለያየ ስም የሚያሞግሱት የሰያፍና የጥምዝ ጥቅልል፣ ስሙ ቢራቀቅም፣ በመሠረቱ ይህ ማግ ነው። በርካሽ ዘንግና በውድ ዘንግ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በአብዛኛው የሚገኘው ገዢ በማያየው በዚህ ማግና ክሮቹን በሚያያይዘው ሙጫ ጥራት ነው።

ሻጭ አብዝቶ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ነገር፣ ሞዱለስ ስለሚባለው የክሩ የግትርነት ልክ ነው። የመስተዋት ክር 72 ጊጋፓስካል፣ ብረት 200፣ የተለመደው የካርቦን ክር 230 ገደማ፣ ከፍ ያለው ደግሞ 390 ገደማ ይደርሳል፤ ጃፓኖች ይህንኑ በቶን ቈጥረው 24 ቶን፣ 30 ቶን፣ 40 ቶን ይሉታል። ካርቦን ከብረት ክብደት ሩቡን እንኳ ሳይሞላ በግትርነት ብረትን መብለጡ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ክሩ በግትርነት ከፍ ባለ ቍጥር፣ ሳይበጠስ ሊለጠጥ የሚችለው መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ቍጥር ምንጊዜም የተሻለ ዘንግ ነው ማለት ስሕተት ነው። ብልህ ሠሪ በታች ግትሩን፣ በጫፍ ታጋሹን ክር እያዋሐደ ይሠራል።

የግትሩን ክር ተሰባሪነት በዓይኔ አይቻለሁ። የእኅቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ በግትርነቱ የተመሰገነ፣ እንደ ላባ የቀለለ ዘንግ ይዞ መጣና ወደ ጀማ አብረን ወረድን። ቍልቍለቱ ረጅም ስለ ነበረ ዘንጉን ያለ ማኅደሩ በበቅሎ ጭነት ላይ አስረን፣ መንገዱን ሁሉ ከኮርቻው ብረት ጋር እየተፋተገ ሄደ። ወንዙ ዳር ስንፈታው ከመጋጠሚያው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የጥፍር ጫፍ የምታህል ጭረት ነበረችበት፤ ቀለም ነው የተላጠው ብለን አለፍናት። ከቀትር በኋላ አንድ መካከለኛ ቢልጫ ተያዘ፤ ዘንጉ ጐበጠ፤ ወዲያውም እንደ ጅራፍ ጮኾ በዚያችው ጭረት ላይ ለሁለት ተከፈለ። ልጁ ዓሣው ከብዶት ነው አለ፤ የሰበረው ግን ጠዋት የተቈረጡት ጥቂት ክሮች ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘንግ ያለ ማኅደር ይዤ አልጓዝም፤ ሌላውም እንዳያደርገው እለምናለሁ።

ጅራፍን ካነሣሁ ዘንድ፣ ስለ ዘንግ ቅጥነት ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ ከመያዣው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚገመደው፣ ከክንድ የተነሣው ኀይል ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ፍጥነቱ እየጨመረ እንዲሄድ ነው። ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ ያለው የአቀጣጠን ሥርዓት ዘንጉ የት እንደሚጐብጥ ይወስናል። ቶሎ የሚቀጥነው በጫፉ ብቻ ይታጠፋል፤ ፈጣን ይሉታል፤ ሩቅ ይወረውራል፣ መንጠቆን በኀይል ይተክላል፣ ነገር ግን የተፈተነ እጅ ይፈልጋል። በዝግታ የሚቀጥነው እስከ እጀታው ድረስ ይጐብጣል፤ ዝግተኛ ይሉታል፤ ቀጭን ክር ከመበጠስ ይጠብቃል፣ ለጀማሪም ይታገሣል። በመካከላቸው ያለው ለብዙው ሰው ይበቃል። ፍጥነቱ አንድ ነገር፣ ብርታቱ ሌላ ነገር መሆኑንም መለየት ያሻል፤ ብርታት ማለት ዘንጉን ለማጕበጥ የሚያስፈልገው ክብደት ነው።

ስለዚህ ዘንግ የሚመረጠው ከውሃው ተነሥቶ ነው። በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች፣ ከኬንያ መጥቶ የተራባውን ትራውት በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምድ፣ ሁለት ሜትር ከሰባ ገደማ የሚረዝም፣ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ቍጥር ክር የሚሸከም፣ መካከለኛ ጠባይ ያለው ዘንግ ይስማማዋል፤ ቍጥሩ በ1961 የተደነገገ ሲሆን የክሩን የመጀመሪያ ሠላሳ ጫማ ክብደት ይለካል፣ የባለ 5 ክር ዘጠኝ ግራም ያህል ነው። ለጀማና ለወንጪት ቢልጫ ግን፣ ድንጋዩ ብዙ፣ ውሃው ኀይለኛ በመሆኑ፣ ግትርነቱ መጠነኛ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ከ5 እስከ 20 ግራም የሚወረውር ዘንግ እመርጣለሁ፤ እንደ እኔ ፍርድ በእኛ ገደል ውስጥ ካርቦንና መስተዋት የተቀላቀለበት ዘንግ ከእጅግ ውዱ ዘንግ ይበልጣል። በጫሞ ሐይቅ ትልቁን ነጭ ዓሣ ለሚሻ ደግሞ ይህ ሁሉ አይበቃውም፤ የብርታቱ ዘንግ ሌላ ነው።

በሱቅ ውስጥ ዘንግን ማወዛወዝ ብዙ አያስተምርም። ከተፈቀደ ክር አስገብቶ ጫፉን በሚታወቅ ክብደት ማስጐበጥ፣ ከጐን ሆኖ ጕብጠቱ ሳይሰበር እንደ ቀስት መፍሰሱን መመልከት፣ ከዚያም በለቀቁት ጊዜ መንቀጥቀጡን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያቆም ማየት ያስፈልጋል፤ ጥሩ ብላንክ ወዲያው ይረጋል። በአንድ ዓይን ከእጀታው ወደ ጫፉ ማነጣጠር፣ መጋጠሚያውን አጋጥሞ መነቃነቁን መፈተሽ፣ በየቀለበቱ ውስጥ የጥጥ ብጣሽ እየጐተቱ የሚያያዝ ስንጥር አለመኖሩን ማረጋገጥ ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ዘንጉ ከተገዛ በኋላም የማይረሳ ነገር አለ፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በመንዝ ሰማይ ላይ ደመናው ማጕረምረም ሲጀምር፣ ዓሣው ቢነክስም እንኳ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዘንጉን መሬት ላይ አስተኝተው ከወንዙ ዳር ይራቁ፤ በኤሌክትሪክ ገመድ ሥርም ዘንግ አቁመው አይለፉ።