ካሽ ምንድን ነው? መቼስ ይጸዳል?

«ካሽ አጥፋ» የተባለ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ቢዳብስ አይፈረድበትም። እኛም ቃሉን ስንሰማ የመጣልን ገንዘብ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ካሽ ግን ከብር ጋር አይገናኝም፤ ስልክና ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ያመጡትን ገጽ፣ ሥዕልና ፋይል ለሌላ ጊዜ ብለው የሚያስቀምጡበት ጓዳ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን ከመካከላችን በአንዱ ላይ የደረሰው ነው። ለስልጠና የተመረጡ ሰዎች ዝርዝር በድረ ገጽ ሲወጣ በስልኩ ከፈተው፤ ስሙ የለም። በማግስቱም ከፈተው፤ የለም። በሦስተኛው ቀን «በቃ፣ ዕድሌ አይደለም» ብሎ ሻንጣውን አስሮ፣ የመሳፈሪያ ሊበደር ወደ ጓደኞቹ መጣ። አንደኛዋ «እስቲ በኔ ስልክ እንየው» አለችና ከፈተችው። ስሙ አለ! ዝርዝሩ ተሟልቶ በድጋሚ ወጥቶ ኖሯል። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው አንድ ቀን ነበር። ልጁ ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል፤ ስሙን እንዳንጽፍ ስላስጠነቀቀን አልጻፍነውም።

ታዲያ አንድ ገጽ በሁለት ስልክ ላይ እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል? የሎጊያ ሰው ይህን ለመረዳት ዋናውን መንገድ ማየት ይበቃዋል። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት በደጃችን ያልፋል። ባለሱቁ ግን ሳሙና በተጠየቀ ቁጥር ወደብ ድረስ አይሄድም፤ መጋዘኑ ካከማቸው አውጥቶ ይሰጣል። ብራውዘርም፣ ማለትም ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ የምንላቸው፣ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። አንድን ገጽ መጀመሪያ ስንከፍት ሰርቨሩ ድረስ ሄደው ያመጣሉ፤ ቅጂውንም ያስቀራሉ። ስንመለስ ከጓዳቸው አውጥተው ያሳዩናል። በዚህም ገጹ ቶሎ ይከፈታል፤ ዳታም ይቆጠባል። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍና የካርድ ብር ሲያልቅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስለሆነም ካሽ እንደ ቆሻሻ በየቀኑ የሚጠረግ ነገር አድርገው የሚያስቡ ጓደኞቻችን ተሳስተዋል፤ ባጸዱት ቁጥር ያንኑ ገጽ በገንዘባቸው እንደገና ያስመጣሉ።

ችግሩ የሚመጣው ወደብ ላይ አዲስ ዕቃ ገብቶ ሳለ ባለሱቁ አሮጌውን ሲሰጠን ነው። ይህ እንዳይሆን ሰርቨሩ ፋይሉን ሲልክ «ይህን ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው»፣ «ይህን ሳትጠይቀኝ እንዳታሳይ» የሚል ትእዛዝ አብሮ መላክ ይችላል። የትእዛዙ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት የጀመረውም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ በዚያው ዓመት ነው። ትእዛዙ ካልተጻፈ ብራውዘሩ በራሱ ግምት ይሠራል። ግምት ደግሞ ይሳሳታል፤ የጓደኛችን ስልክ የተሳሳተውም እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው ከቀላሉ ይጀምራል። በስልክ ገጹን ከላይ ወደ ታች ጎትቶ መልቀቅ፣ በኮምፒውተር ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 5ን መጫን፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። ካልሆነ ያንኑ ገጽ በኢንኮግኒቶ መስኮት እንክፈተው። ይህ መስኮት አሮጌውን ጓዳ ስለማይነካ፣ እዚያ አዲሱ ገጽ ከታየ ጥፋቱ የካሽ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ እናጽዳ። በኮምፒውተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዴሊት አንድ ላይ ሲጫኑ የማጽጃው ሰሌዳ ይመጣል፤ በስልክ ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተን «ዴሊት ብራውዚንግ ዴታ» የሚለውን እንመርጣለን። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው! «ካሽድ ኢሜጅስ ኤንድ ፋይልስ» የሚለው ላይ ብቻ ምልክት እናድርግ። «ኩኪስ» የሚለው አብሮ ከጠፋ ከገባንበት አካውንት ሁሉ ያስወጣናል፤ «ፓስዎርድስ» የሚለው ከጠፋማ የረሳነውን የይለፍ ቃል ማን ያስታውሰናል? አይፎን ላይ በሳፋሪ ሴቲንግ ያለው ማጽጃ ታሪኩንም ኩኪውንም አንድ ላይ ስለሚወስድ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በአንድሮይድ ስልክ የአፕሊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቁልፎች አሉ። «ክሊር ካሽ» ጓዳውን ያጸዳል፤ «ክሊር ስቶሬጅ» (በአንዳንዱ ስልክ «ክሊር ዴታ») ቤቱን ባዶ ያደርጋል። የቴሌግራም ካሽም የራሱ ነገር አለው፦ ሲጸዳ ያወረድናቸው ሞጁሎች ከስልኩ ይሄዳሉ። ቴሌግራም ላይ እስካልተሰረዙ ድረስ እንደገና ይወርዳሉ፤ ግን በዳታ ነው። ለፈተና ሲጠና፣ ሌሊት ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት ይህን የተማረ ሰው ከመካከላችን አለ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ «ካሽ አጽዱ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ሲያሳውቅ የአገሩ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይከፍታል፤ ገጹ ጨርሶ እምቢ ካለ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ካሽ ማጽዳት ምንም አይፈይድም። ገጹ ተከፍቶ ትናንት ያየነውን ቃል በቃል ከደገመ ግን ካሹን እንጠርጥር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ራሱ ከወረቀት ጎን ለጎን በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ፣ ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ይህን ይጠይቁናል።

የቀረው የጋራ ኮምፒውተር ነው። እዚያ ካሽ ብቻ ማጽዳት አይበቃም፤ አካውንታችን ክፍት ይቀራልና። ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዷ ልትጽፍ ስትቀመጥ የማታውቀው ሰው ኢሜይል ተከፍቶ አገኘች። ሳታነብ ዘጋችው። ከመነሳታችን በፊት «ሎግ አውት» እንበል፤ ከተቻለም ከመጀመሪያው በኢንኮግኒቶ ከፍተን፣ ስንጨርስ መስኮቱን ሁሉ እንዝጋ።