የእርምጃ ቆጣሪው የግድ ስልክ ይፈልጋል?

እርምጃ የሚቆጥረው ስልኩ አይደለም። ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው እጅ ላይ በታሰረው የፊትነስ ባንድ ውስጥ ነው። አክስሌሮሜትር የተባለች ኢምንት መሣሪያ የክንድን እንቅስቃሴ በየሰከንዱ ደጋግማ እየለካች ከአረማመድ ጋር የሚሄደውን ከሌላው ትለያለች። ከባንዱ ጀርባ የሚብለጨለጨው አረንጓዴ መብራት ደግሞ የልብ ምት ያነባል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳው ሥር ያለው ደም ሲበዛ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ ባንዱ የሚቆጥረው ይህን መለዋወጥ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ኖረም አልኖረም ሥራው አይስተጓጎልም።

ስልክ የሚያስፈልገው ባንዱን መጀመሪያ ለማስተካከልና የተጠራቀመውን በሰፊው ለማየት ነው። ይህን ታብሌትም ይሠራዋል።

ባንዱንና ታብሌቱን የሚያገናኛቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ከብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣው፣ ኃይል ቆጣቢው የብሉቱዝ ዓይነት ነው። ባንዱ ቀኑን ሙሉ ከታብሌቱ አጠገብ መዋል የለበትም፤ የራሱ ማስታወሻ አለው። ለምሳሌ አብዛኞቹ የፊትቢት ባንዶች የደቂቃ በደቂቃውን ዝርዝር ለ7 ቀን፣ የየቀኑን ድምር ደግሞ ለ30 ቀን ይይዛሉ። ስለዚህ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ የቆየ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ታብሌቱ ላይ መተግበሪያውን ቢከፍት የጠዋቱን ልፋት ሳይጎድል ያገኘዋል። ሰፊው ስክሪን የእንቅልፍና የልብ ምት ግራፎችን ለማየት ከስልክ የበለጠ ይመቻል፤ በተለይ ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶች።

ሁሉም ግን አይገጥምም። አፕል ዎች የሚጣመረው ከአይፎን ጋር ብቻ ነው። የአፕል የጤና መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 አይፓድ ላይ ቢገባም ሰዓቱን ከአይፓድ ጋር ማጣመር አልተቻለም። የጥሪና የመልእክት ማሳወቂያም ስልኩ ከባንዱ ጋር ካልተገናኘ አይመጣም።

የሩጫ መንገድን በካርታ ማየት ለሚፈልግ ጉዳዩ ይከብዳል። ብዙ ርካሽ ባንዶች ጂፒኤስ ስለሌላቸው የቦታውን መረጃ ከስልክ ይዋሳሉ። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው አይፓድ ደግሞ ራሱ ጂፒኤስ የለውም፤ ቢኖረውስ ታብሌት ተሸክሞ ማን ይሮጣል? እንዲህ ላለው ሯጭ የራሱ ጂፒኤስ ያለው ባንድ ይሻለዋል።

ብዙዎች ባንዱ ተበላሽቷል ብለው ተስፋ የሚቆርጡት ግን በጥቃቅን ነገር ነው። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ታብሌቶች ላይ «ሎኬሽን» ከተዘጋ መተግበሪያው በብሉቱዝ ባንድ ፈልጎ አያገኝም። ባንዱ ቀድሞ ከስልክ ጋር ተጣምሮ ከነበረም ስልኩ አጠገብ እስካለ ድረስ ግንኙነቱን ይይዝበታል፤ የስልኩን ብሉቱዝ መዝጋት ነው መፍትሔው። ማጣመሩም ከታብሌቱ የብሉቱዝ ዝርዝር ሳይሆን ከባንዱ መተግበሪያ ውስጥ ይጀመር።

የሰዓት ነገርም አለ። አንዳንድ ሰው ታብሌቱ የአገራችንን ሰዓት እንዲያሳየው 6 ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። አብዛኞቹ ባንዶች ሰዓታቸውን የሚቀበሉት ከተጣመሩት መሣሪያ ስለሆነ ቀኑ የሚዘጋው እኩለ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። 11 ሰዓት ተነስቶ የሮጠ ሰው ሩጫው በትናንቱ ላይ ይደመርበታል፤ የእንቅልፉም መዝገብ ይዛባል። ሰዓቱን እንደነበረ መተው ይበጃል።

ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የባንዱን መተግበሪያ በራሱ ታብሌት ላይ፣ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ፈልጎ ለመጫን ይሞክር። አልጫንም ካለ ሌላ ባንድ ይምረጥ። ከተጫነለት ደግሞ ዝርዝሩ እንዳይጠፋበት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይክፈተው።