ከባቄላው ማሳ የገባው ማነው?

ባቄላው አበባውን አራግፎ እሸት መያዝ ሲጀምር ነበር። ከራቤል ወጣ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ማሳ ያለው አንድ ገበሬ ጠዋት ሲመጣ የማሳው ዳር ተበልቶ አገኘው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ጠመንጃ ሊዋስ ተነሣ። «ሚዳቋ ናት። አድፍጬ እጥላታለሁ» አለ።

እኛም ወሬውን ሰምተን ወደ ማሳው ሄድን። አብረውን አንድ አዛውንት ነበሩ። እኚህ ሰው በጉብዝናቸው ዘመን አዳኝ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት ግን ከሸመገሉ በኋላ ነው።

«ጠመንጃው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይነበብ» አሉ።

«ምን ይነበባል?» አልናቸው። በዱላቸው መሬቱን አሳዩን።

ሌሊት ካፊያ ጥሎ ስለነበር አፈሩ ርሷል። በእርጥብ አፈር ላይ ዱካ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለት ሁለት ሆነው የታተሙ ትናንሽ ኮቴዎች አየን። ከእኛ አንዱ «የበግ ግልገል ቢሆንስ?» ብሎ ተጠራጠረ። አዛውንቱ ግን «የግልገል ኮቴ ጫፉ ደነዝ ያለ ነው፤ የሚዳቋ ጠባብ ነው፣ ጫፉም ሹል ነው» አሉ። ርዝመቱ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያህላል።

ቀጥለው ወደ ተበላው አገዳ ጎንበስ አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። እናንተም ይህን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የበጋችሁን አፍ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከላይ በኩል የፊት ጥርስ የለውም፤ ድድ ብቻ ነው። ላምም፣ ፍየልም፣ ሚዳቋም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቅጠሉን በታች ጥርሳቸውና በላይ ድዳቸው ይዘው ይነጩታል። የተነጨ አገዳ ጫፉ ይተለተላል። ጥንቸልና ጃርት ግን ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርስ አላቸው። እነሱ የበሉት አገዳ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ጃርት ደግሞ ሥሩን ይቆፍራል፤ አንዳንዴም እሾሁን ጥሎ ይሄዳል።

በዚያ ማሳ ላይ ሁለቱም ነበሩ! በላይ በኩል ጥቂቱ ተተልትሏል። በታች በኩል ብዙው ተቆርጧል፤ ሥሩም ተቆፍሯል። ከድንጋዩ ካብ ሥር ጥቁርና ነጭ የሆነ አንድ እሾህ አገኘን። ገበሬው እሾሁን አንሥቶ ዝም ብሎ አገላበጠው። ለካ ሚዳቋዋ የተከሰሰችው በጃርቱም ዕዳ ነው።

«ታዲያ አባባ፣ ጥቂቱንስ የበላችው እሷ አይደለችም?» አላቸው።

«ናት እንጂ ልጄ። በል እንከተላት።»

ዱካው ወደ ገደሉ ቁጥቋጦ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ በጠጥ አለ። ያብለጨልጫል፤ በእንጨት ሲጫኑት ይለሰልሳል። ይህ የዚያው ሌሊት ነው። የቆየው ደርቆና ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ወረድ ብሎ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ሣሩ ተኝቷል። ቀን የምታርፍበት ነው። እንግዲህ የምታርፍበት ታወቀ፣ የምትበላበት ታወቀ፣ የምታልፍበትም ታወቀ።

ድሮ አዳኝ የሚያቅደው ይህን ይዞ ነው። ቀሪው የነፋስ ነገር ነው። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከአፋፉ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ስለዚህ አዳኙ ከመተላለፊያዋ በታች ያደፍጣል። ፀሐይ ሲሞቅ ነፋሱ ይገለበጥና ከገደሉ ወደ ላይ ይነፍሳል። ያን ጊዜ ከላይ መሆን አለበት። ይህን ያልለየ ሰው ጠረኑ ቀድሞት ይደርሳል፤ ጅራቷንም አያይ።

«እኛ የምንፈልገው ወንዱን ነበር፤ ቀንድ ያለው እሱ ነው» አሉ አዛውንቱ። «በኮቴ ብቻ ወንድና ሴት ለየሁ የሚል አዳኝ ካገኛችሁ ግን ውሸታም ነው።» ሣቅን።

ወዲያው ሣቃቸውን አቋረጡ። ከዱካው አጠገብ ሌላ ዱካ ነበር፤ ያው ቅርጽ፣ ግን መጠኑ ግማሽ። ግልገል አስከትላለች ማለት ነው።

ገበሬው ራሱን አከከ። ግልገል ባይኖርም ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ፣ ቁጥር 541፣ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ደግሞስ የመንዝ ሰው ለዱር ነገር ደንብ ማውጣት ከአዋጁም በፊት ያውቅበታል። በጎረቤታችን በመንዝ ጌራ ምድር ያለውን የጓሳ ምድር አባቶች በአፅመ ርስት ደንብ ለዘመናት ጠብቀውታል። ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ ይገኛሉ።

ጠመንጃው ለባለቤቱ ቀረ። ገበሬውና ሚስቱ እሾህ ቆርጠው ሚዳቋዋ የምትገባበትን የካቡን ክፍተት ዘጉ። ጃርቱ የሚሾልክበትን ቀዳዳም በትላልቅ ድንጋይ ደፈኑ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ሄድን። ትልቁም ትንሹም ዱካ እሾሁ ድረስ መጥቶ ወደ ገደሉ ተመልሷል። ጃርቱ ግን በሌላ በኩል ቆፍሮ ገብቷል። ገበሬው ከአዛውንቱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ አገዳውን እያየ፣ «ይኸው ተቆርጧል፤ የእሱ ነው» አለ። ከዚያም ድንጋይ ሊያመጣ ሄደ።